“ዜማ፦ የሕዝብ” ሲባል ሕዝቡ ማነው?

አክስቴ ከስማዳ ለሕክምና መጥታ ሦስት ሳምንት እኛ ቤት ሰንብታ ነበር። አንድ እሁድ ከሰዓት የጌታቸው መኩሪያን ሳክስፎን ከፍቼ ሶፋው ላይ ተጋድሜአለሁ። ያው እንደምታውቁት ባሁኑ ጊዜ ኢትዮ ጃዝ የማይሰማ የከተማ ልጅ ከሰው አይቆጠርም። ሸክላ ማጫወቻ ሳይኖረው ሸክላ የሚገዛም አለ (አንዱ እኔ ነኝ)። አክስቴ ቡናዋን ይዛ ዝም ብላ ትሰማለች። እኔ በሆዴ “አሁን ይሄን ጩኸት ዝጋልኝ ልትለኝ ነው” እያልኩ እጠብቃለሁ። ትንሽ ቆይታ ስኒውን አስቀመጠችና “ይኸ ሰውዬ የሚፎክረው በማን ላይ ነው?” አለችኝ።

መጀመሪያ ሳቅሁ። ቀጥሎ ግን አፈርኩ። ጌታቸው መኩሪያ ሽለላና ፉከራን ከጦር ሜዳ አምጥቶ ወደ ሳክስፎን ያስገባ ሰው መሆኑን እኔ ያወቅሁት አንብቤ ነው። ከአሜሪካኖቹ ፍሪ ጃዝ ጋር የሚያመሳስሉት ፈረንጆች የጻፉትን አንብቤ! አክስቴ ሳክስፎን የሚባል ዕቃ በዓይኗ አይታ አታውቅም፤ ግን ሰውዬው እየፎከረ መሆኑን ለማወቅ ስኒ ቡና እስኪያልቅ እንኳ አልፈጀባትም።

“እኛም አገር እንዲህ የሚል ሰው ነበር” አለች ቀጥላ፤ “በማሲንቆ። ሲያንጎራጉርማ አንጀት ይበላል።” ስሙን ጠራችው። ካረፈ ቆይቷል።

“ተቀድቶ ያውቃል እንዴ፣ እትዬ?”

“ማን ይቀዳዋል አንተዋ!”

የሰውዬውን ስም እዚህ ያልጻፍኩት ቤተሰቡን ስላላስፈቀድኩ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለ ስም ሆኖ ሳለ ስሙን አለመጥራቴ እኔንም ይከነክነኛል።

እንግዲህ ነገሬን ልናገር። ጃዝና ብሉዝ ብቻ የሚያሳትም፣ የራሱ ጆሮ ያለው፣ ትንሽ፣ ግትር ሙዚቃ ቤት ያስፈልገናል የሚል ሐሳብ በየካፌው እሰማለሁ። እኔም እስማማለሁ። የማልስማማው ሥራው የት ይጀመር በሚለው ላይ ነው። ሁሉም የሚያስበው ቦሌ ላይ ያለ ስቱዲዮ፣ ፒያኖና ከበሮ ነው። እኔ ደግሞ መጀመሪያ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ይሂድ ባይ ነኝ። ምክንያት አለኝ።

ወደ ምክንያቴ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ሰው ላስታውሳችሁ፤ አምሃ እሸቴ። (ዓመቶቹን በፈረንጅ የምቆጥረው የሸክላዎቹ ታሪክ በዚያው ስለተጻፈ ነው።) በንጉሡ ዘመን ሸክላ የማሳተም መብት በአዋጅ የተሰጠው ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ነበር። አምሃ በ1969 ይህን ተላልፎ የራሱን አሳታሚ ሲያቋቁም በሃያዎቹ ዕድሜ ውስጥ ያለ፣ ሸክላ የሚሸጥ ወጣት ነበር። ፈቃድ ጠይቆ አልጠበቀም። የመጀመሪያ ሥራው የዓለማየሁ እሸቴ ሸክላ ነበር። (የሙዚቃ ታሪካችን መቼም እሸቴ አይጎድለውም። በ1908 ጀርመን ተልኮ የመጀመሪያውን የኢትዮጵያ ሸክላ ያስቀዳው ሰውም ተሰማ እሸቴ ነው።) አገር ውስጥ ማተሚያ ስላልነበረ ሸክላዎቹ መጀመሪያ ሕንድ፣ በኋላ ሊባኖስ እየታተሙ ይመጡ ነበር። እስከ 1975 ድረስ፣ በስድስት ዓመት ብቻ፣ ከመቶ በላይ ትንንሽ ሸክላዎችና አንድ ደርዘን ያህል ትልልቆቹን አወጣ። የሙላቱ አስታጥቄ “ኢትዮ ጃዝ” የሚል ስም ያለው ሸክላም በ1974 የወጣው በሱ አሳታሚነት ነው። ከዚያ ደርግ መጣ፣ ሰዓት እላፊ መጣ፣ አምሃም አገር ለቆ ወጣ። አምሃና ዓለማየሁ ሁለቱም ያረፉት በአንድ ዓመት ነው፤ በ2021።

ዛሬ ዓለም “ወርቃማው ዘመን” እያለ የሚያዳምጠው ሙዚቃ በአብዛኛው ያንን ያህል አጭር ዕድሜ የነበራቸው የጥቂት ሙዚቃ ቤቶች ሥራ ነው። ፓሪስ ያለው ቡዳ ሙዚክ የተባለ አሳታሚ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አዘጋጅነት ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ “ኢትዮፒክ” በሚል ተከታታይ ሰብስቦ ባያወጣው ኖሮ ብዙዎቻችን ባላወቅነው ነበር። ይህን ስል ያመኛል፤ ግን እውነት ነው። የሙላቱን ሙዚቃ በ2005 የወጣ የአሜሪካ ፊልም ላይ ሰምቶ የወደደ ስንት የአዲስ አበባ ልጅ አለ!

የተከታታዩን 10ኛ ቅጽ ታውቁት ይሆናል። “ትዝታ” ይላል፤ ከሥሩ ደግሞ “የኢትዮጵያ ብሉዝና ባላድ” የሚል ማብራሪያ አለው። ብሉዝ የሚለውን ቃል የጨመሩልን ፈረንጆች ናቸው፤ እኛ የራሳችን ቃል ነበረን። እንጉርጉሮ። አንድ ሰው ብቻውን ከአንድ መሣሪያ ጋር ቁጭ ብሎ ሆዱን ሲያዋራ እንጉርጉሮ ይባላል። ከሚሲሲፒ የመጣ ጊታር ደርዳሪ አጠገቡ ብታስቀምጡት ቋንቋ ሳይገባው ነገሩ ይገባዋል። ሁለቱም በአምስት ድምፅ ላይ ተንጠልጥለው የሚኖሩ ሰዎች ናቸው።

እና ለምን ጋይንት?

አንደኛ ነገር፣ ጋይንት የሙዚቃ አገር ነው። ይህን ስል አዝማሪ ይበዛበታል ለማለት አይደለም። ከየትኛውም አገር የመጣ የድጓ ተማሪ ተምሮ ሲጨርስ መምህር ለመሆን የሚመሰከርለት የት ነው? ጋይንት፣ ቤተልሔም። ዝማሬ መዋሥዕትስ? ዙር አባ፣ አሁንም ጋይንት። አዲስ አበባ ላይ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር ሳይታሰብ፣ ያሬዳዊ ዜማ የሚመረመርበትና ዲግሪ የሚሰጥበት ቦታ ከነፋስ መውጫ ብዙም በማይርቁ ተራሮች ላይ ነበር። አሁንም አለ። እዚያ የተማረ ሰው መምህርህ ማነው ብትሉት ይነግራችኋል። የመምህርህስ መምህር? እሱንም። ወደ ላይ እየቆጠረ ይሄዳል። ቴፕ የለ፣ ሲዲ የለ፤ ስም ግን አልጠፋም።

አሁን ከዚያው ተራራ ሥር ወዳለው ሠርግ ቤት እንውረድ። (መምህራኑ ከአዝማሪ ጋር በአንድ አንቀጽ ስላስገባኋቸው ይቅር ይበሉኝ።) ማሲንቆ የያዘው ሰው ግጥም ያፈልቃል፣ ዜማውን እንደ ቤቱ ሰው ሁኔታ ያጥፈዋል፣ ሐዘንተኛ ካየ ወደ ትዝታ ይመልሰዋል፣ ሸላይ ሲነሳ ይከተለዋል። ከሙሾ አውራጅዋ ያልተናነሰ ቋንቋ አለው። ይህ ሰው ያወጣው ዜማ ዙሮ ዙሮ አዲስ አበባ ይደርሳል። ኪቦርድ ይገባበታል፣ ታዋቂ ዘፋኝ ይዘፍነዋል፣ ካሴቱ ይወጣል። ልጅ ሆኜ ከካሴት ውስጥ የምትወጣዋን ወረቀት ማንበብ ሱሴ ነበር። ቅንብር፦ እገሌ። ድምፅ ቀረጻ፦ እገሌ። ፎቶ፦ እገሌ። ፀጉር ሥራ፦ እገሊት! ግጥምና ዜማ ላይ ሲደርስ ግን “የሕዝብ።”

ፀጉር የሠራችው ስም አላት፤ ዜማውን የሠራው የላትም። ሕዝብ ሆነ። ሕዝብ ደግሞ ገንዘብ ልትከፍለው ብትፈልግ እንኳ አድራሻ የለውም።

“የሕዝብ ዜማ እኮ በርግጥም የሕዝብ ነው፣ ማን እንደጀመረው አይታወቅም” የምትሉኝ አላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ብዙው ዜማ ባለቤቱ አይታወቅም። ነገር ግን እዚያ ቀን፣ እዚያ ቤት፣ በዚያ መንገድ የተጫወተው ሰው ይታወቃል። ሕጋችንም ቢሆን ይህን ያውቃል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከደራሲው ለይቶ “ከዋኝ” የሚለው ሰው አለ፤ ሥራውን በድምፁና በእጁ የሚጫወተው ማለት ነው። ለሱም መብት ሰጥቶታል። ዜማው የሕዝብ ቢሆንም ክወናው የሰውዬው ነው። ሕጉ ሃያ ዓመት አልፎታል። የጎደለው ሕጉን ይዞ እስከ ወገዳና አርብ ገበያ ድረስ የሚሄድ ሰው ነው።

ይሄ ሥራ የማይቻል ከመሰላችሁ የአንድ አስተማሪ ታሪክ ልንገራችሁ። ክሪስ ስትራክዊትዝ ይባላል። ከጀርመን ተሰዶ አሜሪካ የገባ ልጅ ነው፤ ካሊፎርኒያ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስተምር ነበር። ብሉዝ ይወዳል። በ1960 ቴፕ መቅረጫውን ይዞ ቴክሳስ ገጠር ወረደና ማንስ ሊፕስኮም የሚባል ገበሬ አገኘ። የሰው መሬት በእኩል እያረሰ የኖረ፣ በስልሳዎቹ ዕድሜ ያለ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ለጎረቤት የሚጫወት ሰው። እቤቱ ቀዳው። አርሁሊ የተባለው ሙዚቃ ቤት የመጀመሪያ ሥራ ይሄ ነው። ስንት ኮፒ አሳተመ? 250። ሁለት መቶ ሃምሳ! እኛ ሠርግ የምንጠራው ሰው ከዚህ ይበልጣል።

የኔን ልብ የነካው ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሮሊንግ ስቶንስ በ1971 ፍሬድ ማክዶዌል የተባለ የሚሲሲፒ ገበሬ ይጫወተው የነበረ ዘፈን አልበማቸው ላይ አወጡ። ዘፈኑ የቆየ መንፈሳዊ መዝሙር ነው፤ “የሕዝብ” ብሎ ማለፍ ይቻል ነበር። ስትራክዊትዝ ተከራክሮ ገንዘቡ ለማክዶዌል እንዲደርሰው አደረገ። ሽማግሌው በሚቀጥለው ዓመት ሞተ፤ ድርሻውን ግን አግኝቶ ነው። አንድ ትንሽ ሙዚቃ ቤት ከአንድ ቀራጭ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ቀራጭ ቀድቶ ይሄዳል። ሙዚቃ ቤት የሚባለው ተመልሶ የሚመጣው ነው።

ከኛው ክልል የተነሳ ታሪክም አለ። ኃይሉ መርጊያ የዋሊያስ ባንድ ሰው ነበር፤ በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮኑን፣ ኪቦርዱንና የከበሮ ማሽኑን ይዞ ብቻውን ያወጣው ካሴት ነበረው። ከዚያ ታክሲ ነጂ ሆኖ ዓመታት አለፉ። ብራያን ሺምኮዊትዝ የተባለ አሜሪካዊ ያንን ካሴት ባሕር ዳር፣ አንድ ካሴት ቤት ውስጥ አገኘው። በ2013 እንደገና አሳተመው፣ ኃይሉም ወደ መድረክ ተመለሰ። እስቲ አስቡት፤ ካሴቱ የተገኘው ፓሪስ ወይም ኒው ዮርክ አይደለም፣ ባሕር ዳር ነው። ስንቶቻችን በዚያ ሱቅ ደጃፍ አልፈናል? እኔ በበኩሌ ባሕር ዳር በሄድኩ ቁጥር የማስታውሰው ዓሣውን ነው።

“ዩቲዩብ አለ አይደል?” ለሚለው ጥያቄ ብዙ ቦታ አልሰጥም፤ ግን መመለስ አለበት። አለ። “ምርጥ የጎንደር አዝማሪ” ብላችሁ ብትፈልጉ መዓት ይመጣል። ከነዚያ ውስጥ የተጫዋቹ ስም የተጻፈበትን ቁጠሩልኝ። የቻናሉ ስም ግን ማዕዘኑ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይንቀጠቀጣል። ከማስታወቂያው የሚገኘው ሳንቲምም ስልኩን የያዘው ሰው ኪስ ነው የሚገባው። “የሕዝብ” የሚለው ወረቀት ወደ ስክሪን ተዛወረ እንጂ ምንም አልተለወጠም።

ሌላው የሚያስፈራኝ ነገር ፊውዥን ነው። ማንም ገጠር ሄዶ አንድ ማሲንቆ ያገኘ እንደሆነ ወዲያው ሳክስፎንና ቤዝ ጊታር ሊጨምርበት ይቸኩላል። ሙላቱ ትዝታና አንቺ ሆዬን ከጃዝ ሐርመኒ ጋር ሲያጋባ ቅኝቶቹንም፣ ቦስተን የተማረውንም አሳምሮ ያውቃል። ጌታቸውም ሽለላን በሳክስፎን የጮኸው ሽለላን ስለሚያውቀው ነው። እኛ ግን መጀመሪያውን ሳንሰማ ወደ ድብልቁ እንሮጣለን። ስለዚህ የማስበው ሙዚቃ ቤት ለመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ አንድ ደንብ ቢኖረው ደስ ይለኛል፤ አንድ ሰው፣ አንድ መሣሪያ፣ የቤቱ ውስጥ ድምፅ እንዳለ። ዶሮ ከጮኸ ይጩኽ።

እማሆይ ፅጌማርያም ገብሩን እዚህ ላይ ሳላነሳ ባልፍ ቅር ይለኛል። በ2023 ነው ያረፉት። ፒያኗቸውን የሚሰማ ፈረንጅ ሁሉ ብሉዝ ነው ይላል፤ እሳቸው ግን ጎንደር ሳሉ የያሬድን ዜማ ተምረዋል። እዚያው ጎንደር ሜዳ ላይ የሚያድሩ የቆሎ ተማሪዎች አይተው፣ በ1967 ጀርመን አገር የታተመው የመጀመሪያ ሸክላቸው ገቢ ችግረኞችን እንዲረዳ አደረጉ። ማለትም ከዜማው የተገኘው ወደ ዜማው ልጆች ተመለሰ። እሳቸው አሳታሚ አልነበሩም፤ አሳታሚ ምን መሆን እንዳለበት ግን ያውቁ ነበር።

አሁን ወደማልወደው ክፍል ልግባ። ሥራው የሚጠብቅ አይደለም። ነፋስ መውጫ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በጦርነቱ ውስጥ አልፋለች፤ በሴቶቿ ላይ የደረሰውን አምነስቲ ጽፎታል። እስትንፋስ ሳይመለስ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ ክልሉ ሌላ ግጭት ውስጥ ገባ። ሠርግ ሲቀር የአዝማሪ እንጀራ ይቀራል፤ እንጀራው ሲቀር ልጁ ማሲንቆውን አስቀምጦ ወደ ሁመራና መተማ የቀን ሥራ ይሄዳል። በዚህ መሐል የሚወጣው ሙሾና እንጉርጉሮ ደግሞ ምን ያህል ከባድ ሊሆን እንደሚችል አስቡት። ብሉዝ ከየት እንደሚመጣ ለሚጠይቅ ሰው መልሱ ከዚህ የራቀ አይደለም። ማንም በአደጋ ውስጥ ይሂድ አልልም። ነገር ግን ከዚያ አካባቢ የተፈናቀሉ፣ ለሕክምና የመጡ፣ ልጅ ሊጠይቁ የመጡ ሽማግሌዎች ደብረ ታቦር አሉ፣ ባሕር ዳር አሉ፣ አዲስ አበባም አሉ። እኛ ቤት ሶፋ ላይ አንዷ ነበረች። መቅረጫውን ይዞ ከነሱ መጀመር ይቻላል።

ሙዚቃ ቤቱ ምን ይመስላል? ትልቅ ቢሮ አያስፈልገውም። ጥሩ ማይክሮፎን፣ ሁለት ሦስት ሰው፣ አማርኛውን ከነአገሩ ዘዬ የሚጽፍ አንድ ልጅ። ውሉ ለተጫዋቹ ማንበብ በሚችል በራሱ ሰው ፊት ይነበብለት። ሽፋኑ ላይ ስሙ፣ ቀበሌው፣ ማሲንቆውን ማን እንዳስተማረው ይጻፍ፤ ልክ የድጓው መምህር እንደሚቆጥረው። ሦስት መቶ ሸክላ አሳትሞ ለኛ ለሸክላ አምላኪዎቹ በውድ ይሽጥ (እንገዛለን፣ አትጠራጠሩ)፤ በዚያው ገንዘብ ድምፁን በሜሞሪ ካርድ አድርጎ በየገበያው በርካሽ ይበትነው። ነፋስ መውጫ ላይ፣ መካነ ኢየሱስ ላይ ሙዚቃ የሚሰማው በካርድ ነው እንጂ በሸክላ አይደለም። አተርፋለሁ ብሎ የሚገባ ሰው ግን አይግባ። አምሃ እሸቴ ሀብታም የሆነበትን ታሪክ አላነበብኩም።

አክስቴ ከተመለሰች በኋላ በስልክ ያንን የማሲንቆ ሰው ደግሜ አነሳሁባት። ልጁን አግኝታ ጠየቀችልኝ። “ስሙን ይጥራ፣ ግን መጀመሪያ ድምፁን ያሰማን” አለ አሉ። ለካ አንድ ካሴት አለ! የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት እስቴ አንድ ሠርግ ላይ በተራ ቴፕ የተቀዳ። ካሴቱ አሁን ሙሽራው እጅ ነው። ሪባኑ ተጨማድዷል፣ ቴፑም ከሞተ ቆይቷል።

መንገዱ ሲመች የሚያመጣልን ሰው እየጠበቅን ነው። በዚህ መሐል በደንብ የሚሠራ፣ ሪባን የማይበላ የካሴት ማጫወቻ ያላችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ። ለአንድ ቀን ብቻ ነው የምፈልገው፤ ቤታችሁ ድረስ መጥቼ አብራችሁኝ ብትሰሙም ደስ ይለኛል።